እሳቱ ቶሎ አልያዝ ሲል
ምድጃ ከመለወጥ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች

መግቢያ

በክረምት ወራት አንድ ማለዳ፣ በአዲስ ምድጃቸው ላይ ቅሬታ ካላቸው አንዲት እናት ቤት ሄደን ነበር። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከእንስራው አፍ ደርሷል። ምጣዱ ግን ገና አልሰማም። የልጅ ልጃቸው ምድጃው አፍ ላይ አጎንብሳ እፍ እፍ ስትል ዓይኖቿ ቀልተዋል። ጭሱ ከጣራው በታች ተንጣሏል። ከመደቡ ሥር ደግሞ በግማሽ የተሞላ የላምባ ጠርሙስ ተቀምጧል።

«ልጆቼ፣ ይህን ነገር አንሡልኝ። ሦስቱ ጉልቻዬ ይሻለኝ ነበር» አሉን።

እኛም ስለ ምድጃው አንዳች ከመናገራችን በፊት ማገዶውን እንዲያሳዩን ለመንናቸው። ፍልጡ ከቤቱ ውጭ፣ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተከምሮ፣ ከጣራው የሚወርደው ዝናብ ይረጨዋል። ቀጥለን የምድጃውን አፍ በባትሪ ብናይ አመዱ ከግማሽ በላይ ሞልቶታል። ምድጃው አንዳች ስንጥቅ አልነበረውም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንደሚባለው ሁሉ፣ ማገዶው ሳይደርቅና አየር ሳያገኝ ምድጃ ቢለዋወጥ እሳት አያፈጥንም። በዚህ ጽሑፍ እሳት ለምን እንደሚዘገይ፣ መንሥኤው በምን እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚታረም በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

1. እሳት እንዴት ይያዛል?

እንጨት ክብሪት ስለ ቀረበለት ብቻ አይነድም። ነበልባል ከመታየቱ በፊት በውስጡ ሁለት ሥራዎች መፈጸም አለባቸው።

የመጀመሪያው መድረቅ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ተኖ እስኪወጣ ድረስ የእንጨቱ ሙቀት ብዙም ከፍ አይልም። ሁለተኛው መትነን ነው። እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ሙቀቱ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ከውስጡ የሚቃጠል ጋዝ መውጣት ይጀምራል። ነበልባል ብለን የምናየው ይህ ጋዝ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ሲነድ ነው። ጋዙ ወጥቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ፍም ይሆናል።

እንግዲህ ከዘገየ ምድጃ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ ምንድን ነው? ከፊሉ የውሃ እንፋሎት ነው። ከፊሉ ግን መንደድ ሲገባው ሳይነድ ያመለጠ ጋዝ ነው። ስለዚህ ጓዳው በጭስ ሲሞላ ዓይን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ተለቅሞና ተፈልጦ፣ በጀርባ ታዝሎ የመጣው ማገዶም በከንቱ እየወጣ ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው እሳት ቶሎ እንዲይዝ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ። እነሱም ደረቅ ማገዶ፣ በቂ አየር፣ ቀጭን ማቀጣጠያ እና በአንድ ስፍራ የተሰበሰበ የመነሻ ሙቀት ናቸው። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል እሳቱ ይዘገያል። ምርመራውም በዚሁ ተራ ቢካሄድ ይመረጣል።

2. የመጀመሪያው ምርመራ፦ ማገዶው ደርቋል ወይ?

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። 20 ኪሎ ግራም ጥሬ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ የምትመጣ ሴት 10 ኪሎ ያህሉን የምትሸከመው ውሃ ነው ማለት ነው። በጥላና በነፋስ በሚገባ የደረቀ እንጨት ግን ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ውሃ ብቻ ይይዛል።

ይህ ልዩነት በምድጃው ውስጥ ትልቅ ነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ፣ ከዚያም ጨርሶ እስኪተን ድረስ ለመቀቀል የሚፈጀው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ለማፍላት ብቻ ከሚበቃው ከ7 እጥፍ በላይ ነው። እርጥብ ማገዶ ስንማግድ ይህን ሁሉ ሙቀት የምንከፍለው ገና ምጣዱ ሳይሰማ ነው።

«ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል» የሚለው አባባል እውነት ነው። ይሁን እንጂ እርጥቡ የሚነደው በደረቁ ወጪ ነው። ደረቁ ማገዶ ምጣዱን ማሞቅ ሲገባው እርጥቡን ሲያደርቅ ያልቃል።

ማገዶ መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚከተሉት ምልክቶች ይበቃሉ።

ሀ/ ሁለት ፍልጦችን እርስ በርስ ማጋጨት። ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥብ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ነው።

ለ/ የፍልጡን ጫፍ ማየት። ደረቅ እንጨት ጫፉ ላይ ከመሐል ወደ ዳር የተሰነጠቀ ሲሆን፣ ልጡም በቀላሉ ይላቀቃል።

ሐ/ ጭራሮውን መስበር። ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እርጥቡ ይጎብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም።

መ/ መመዘን። ሚዛን የሚገኝ ከሆነ አንድ ፍልጥ ላይ ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ነፋስ ሊያደርቀው የሚችለውን ያህል ደርቋል።

እንጨት በእሳቱ ላይ ሳለ ከጫፉ አረፋ እየደፈቀ ሲንጫጫ ከተሰማ ግን ምርመራ አያስፈልገውም። እርጥብ ነው።

ማገዶን ለማድረቅ ዋናው ነገር ጊዜን መጠበቅ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ በጥቅምትና በኅዳር የተቆረጠ እንጨት በጋውን ሙሉ ሲደርቅ ቆይቶ፣ ሰኔ ሳይገባ ከጣራ ሥር መግባት አለበት። ሳይፈለጥ የተቀመጠ ግንድ ልጡ ውሃውን ስለሚያፍንበት ለመድረቅ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ፈልጦ ማድረቅ እንጂ አድርቆ መፍለጥ አይመከርም። ባሕር ዛፍም ቢሆን ጥሬ ሳለ ሲፈለጥ ይቀላል።

ፍልጡ በድንጋይ ወይም በአግዳሚ እንጨት ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይደርደር። በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ ክፍተት ይተውለት። ላዩ ይሸፈን፣ ጎንና ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል እንጂ አያደርቀውም። ለነገ የሚሆነውን ጥቂት ፍልጥ ዛሬ ከምግብ በኋላ ከምድጃው ክንድ ያህል አርቆ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ምድጃው ላይ መከመር ግን ቤት ያቃጥላል።

3. ሁለተኛው ምርመራ፦ አየር ይገባል ወይ?

ማገዶው ደረቅ ሆኖ እሳቱ ከዘገየ ወደ አየሩ እንለፍ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ከሦስት ስፍራዎች በአንዱ ነው።

የመጀመሪያው አመድ ነው። አመድ ሲሞላ አየር በማገዶው ሥር ማለፍ ይሳነዋል። በሸክላ የከሰል ምድጃ ላይ ደግሞ የወንፊቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ስለዚህ በየቀኑ እሳት ከማያያዝ በፊት አመዱ ይውጣ። ቀዳዳዎቹም በቀጭን እንጨት ይጠረጉ። የወጣው አመድ በውስጡ ፍም ሊኖር ስለሚችል በብረት ዕቃ ይቀመጥ። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ለጓሮ አትክልት ማሳ ቢበተን ፖታሽ ይሰጣል።

ሁለተኛው የምድጃው አፍ ነው። እሳቱ ዘገየ ተብሎ ማገዶ በላይ በላይ ሲጠቀጠቅበት አየሩ የሚገባበት ያጣል። ከምድጃው አፍ ቢያንስ ግማሹ ምንጊዜም ክፍት መሆን አለበት። እሳት ሲደክም ብዙ ጊዜ የሚያድነው ማገዶ መጨመር ሳይሆን ማገዶ መቀነስ ነው።

ሦስተኛው የጭስ መውጫው ነው። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ ከኋላው አዲስ አየር ይስባል። መውጫው በጥላሸት ከተደፈነ መሳቡ ይቆማል፣ ጭሱም ወደ ቤት ይመለሳል። በ1980ዎቹ አጋማሽ መሠራጨት የጀመረውና ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ከኋላው በድስት መጣጃው በኩል ያለው መተላለፊያ በአመድና በጥላሸት ሲዘጋ እሱም ይታፈናል። የጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው ምድጃ ከሆነ፣ በቀዝቃዛ ጧት ቱቦው ውስጥ ያለው ከባድ አየር ጭሱን ወደ ታች ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ ከቱቦው ግርጌ አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ወይም ወረቀት ቢነድበት ቱቦው ሞቆ መሳብ ይጀምራል።

ለደጋ ነዋሪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በዚያው የምድጃ አፍ የሚገባው አየር መጠኑ አንድ ቢሆንም በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ያነሰ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በቆላ ሳያስቸግር የሚያልፍ የአመድ ክምችት በደጋ እሳቱን ሊያፍነው ይችላል።

4. ሦስተኛው ምርመራ፦ ማቀጣጠያው ቀጭን ነው ወይ?

እሳት እንጨትን የሚይዘው ከላይ ከገጹ ነው። ስለዚህ ገጹ ሲበዛ ቶሎ ይይዛል። ለምሳሌ ጎኖቹ 8 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ረጅም ፍልጥ እንውሰድ። ይህን ፍልጥ 2 በ2 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 16 ስንጥሮች ብናደርገው፣ እንጨቱ ያው ሆኖ ሳለ ለእሳት የተጋለጠው የጎን ገጽ 4 እጥፍ ይሆናል።

እሳት ሲያያዝ ተራው እንደሚከተለው ይሁን። በመጀመሪያ አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር፣ የበቆሎ ሽፋን ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይቀመጥ። በላዩ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ጭራሮዎች፣ እንደ ጎጆ ጣራ ዘንበል ብለውና ክፍተት ኖሯቸው ይደገፉ። እነዚህ በሚገባ ሲነዱ የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው ይጨመሩ። ወፍራሙ ፍልጥ የሚገባው በመጨረሻ፣ የመጀመሪያው ፍም ከታየ በኋላ ነው። አንድ ፍልጥ ብቻውን ሙቀቱን ለባዶ አየር ስለሚበትን ይጠፋል። ሁለት ወይም ሦስት ፍልጦች ጣት በሚያስገባ ክፍተት ተቀራርበው ሲቀመጡ ግን አንዱ ሌላውን ያሞቃል።

5. ተጨምቆ የተሠራ ማገዶ ሲዘገይ

ከቡና ገለባ፣ ከሰጋቱራና ከሰብል ተረፈ ምርት ተጨምቆ የሚሠራው ማገዶ፣ ማለትም ብሪኬትና ፔሌት፣ የደን እንጨትንና ኩበትን ሊተካ ይችላል። ኩበቱም ወደ ምድጃ መግባቱ ቀርቶ ወደ ማሳ ቢመለስ መሬቱን ያዳብራል። ሆኖም ይህን ማገዶ የሞከሩ አንዳንድ ቤተሰቦች «ቶሎ አይያዝም» ብለው ይተዉታል። ምክንያቶቹ የሚታወቁ ናቸው።

ሀ/ በጣም የተጠቀጠቀ ስለ ሆነ ሙቀት ወደ ውስጡ ቀስ ብሎ ይገባል። ስለዚህ ብሪኬቱን ሰባብሮ ትናንሹን ማስቀደም፣ ጭራሮም ማብዛት ያስፈልጋል።

ለ/ እርጥበት ካገኘው ያብጣል፣ ይፈርሳልም። ጥሩ ፔሌት የሚይዘው ውሃ ከ10 በመቶ አይበልጥም። መሬት ላይ የተቀመጠ ጆንያ ግን እርጥበትን ከሥሩ ይስባል። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፣ አፉም ይታሰር።

ሐ/ በጆንያው ግርጌ የሚጠራቀመው ብናኝ በፔሌቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ከመጠቀም በፊት በወንፊት ይነፋ።

መ/ ፔሌት እስከ አፉ ተሞልቶ በሚነድበት ቆርቆሮ መሰል ምድጃ ላይ፣ እሳቱ የሚያያዘው ከላይ እንጂ ከሥር አይደለም። አንድ እፍኝ ደረቅ ጭራሮ ከላይ ነዶ ፍም ሲሆን እሳቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ከሥር የተያያዘ እንደ ሆነ ግን ከላይ ያለው ቀዝቃዛ ፔሌት ጋዙን ስለሚያቀዘቅዘው ቤቱን ጭስ ብቻ ይሞላዋል።

በቀዝቃዛ አገሮች ቤት ለማሞቅ የሚያገለግለው የፔሌት ምድጃ በኤሌክትሪክ ይሠራል። አንድ የሚግል ዘንግ አየሩን አሙቆ፣ በትንሽ ጽዋ ውስጥ ያለውን ፔሌት በጥቂት ደቂቃዎች ያቀጣጥላል። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ምድጃቸው ሲዘገይባቸው ምርመራው ያው ነው። ምድጃው ጠፍቶ ከቀዘቀዘና ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላ፣ የጽዋው ቀዳዳዎች በአመድና በቀለጠ ጥቀርሻ መደፈናቸው ይታይ፣ ይጸዱም። ቀጥሎ ከአዲስ ጆንያ ደረቅ ፔሌት ይሞከር። የበሩ ማሸጊያና የጭስ ቱቦውም ይመርመሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልያዘ ዘንጉ አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይጠራ። እሳት ሳይዝ በጽዋው የተከመረ ፔሌት ግን እንደገና ከመለኮሱ በፊት መውጣት አለበት። ከእሱ የተጠራቀመው ጭስ በድንገት ሲቀጣጠል በሩን ሊያፈነዳው ይችላልና።

6. ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው

በዘገየ እሳት ምክንያት የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት ከመዘግየቱ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው እሳቱን ለማፋጠን ሲባል በችኮላ ከሚደረገው ነገር ነው።

ላምባ በፍም ወይም በሚጨስ እንጨት ላይ አይደፋ። ነበልባል አለመታየቱ ያሳስታል። ላምባው በትኩሱ ፍም ላይ ሲያርፍ ወዲያው ይተናል። ትነቱም በጓዳው ውስጥ ተዘርግቶ ድንገት ቦግ ሲል የሚያገኘው የሚያፈስሰውን ሰው እጅና ፊት ነው። እሳቱ በፈሳሹ ጅረት ተከትሎ ወደ ጠርሙሱ ሊገባም ይችላል። ቤንዚን ከዚህ የባሰ ነው። በምንም ምክንያት ወደ ማድ ቤት አይግባ።

ፌስታል፣ ፕላስቲክና የጎማ ቁራጭ ለማቀጣጠያ አይሁኑ። የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው፣ ወደ ምግቡም ይገባል።

ከሰል ደጅ ተያይዞ ጭሱ ካለፈ በኋላም ቢሆን በተዘጋ መኝታ ቤት አይቀመጥ። የማይታይና የማይሸት መርዛም ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የተኙትን ሊገድል ይችላል።

ጭስ ራሱም ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት፣ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት የተነሣ በዚያ ዓመት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። እሳቱ እስኪይዝ ድረስ ሕፃን በጀርባ አዝሎ ምድጃ ላይ ማጎንበስ ይቅር። በርና መስኮትም ይከፈት።

ሰው ከተቃጠለ የተቃጠለውን አካል ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ያባብሳል።

7. በአጭሩ

እሳቱ የሚንጫጫና ነጭ ጭስ የሚበዛበት ከሆነ፦ ማገዶው እርጥብ ነው። እርጥቡን አውጥቶ በደረቅ ጭራሮ መጀመር።

እፍ ሲባል የሚነድ፣ እፍ ማለት ሲቆም የሚጠፋ ከሆነ፦ አየር አጥሮታል። አመዱን ማውጣት፣ ከአፉም ማገዶ መቀነስ።

ጭሱ በምድጃው አፍ ወደ ቤት የሚመለስ ከሆነ፦ መውጫው ተደፍኗል ወይም ቱቦው ቀዝቅዟል። መጥረግና ማሞቅ።

ጭራሮው ነዶ ፍልጡ ሳይይዝ የሚጠፋ ከሆነ፦ ፍልጡ ወፍራም ነው ወይም ብቻውን ነው። መሰንጠርና ማቀራረብ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ካልታየ፣ ያን ጊዜ ምድጃው ይመርመር። ስንጥቅ ካለው ይደፈን፣ ምጣዱ ከጠርዙ ጋር ካልገጠመም ይስተካከል።

ማጠቃለያ

ከላይ በጠቀስናቸው እናት ቤት ያደረግነው ብዙ አልነበረም። ሁለት ቆርቆሮ አመድ አወጣን። ከቆጡ ላይ የቆየ ደረቅ ጭራሮ አገኘንና እሳቱ እንደገና በጭራሮ ተያያዘ። ልጅቷ እፍ ማለቷን ትታ ቁጭ አለች፣ ምጣዱም ሰማ። የላምባው ጠርሙስ ፋኖሱ ወዳለበት ወደ ሌላው ክፍል ተወሰደ። ውጭ የነበረው ፍልጥ ግን በአንድ ቀን የሚደርቅ አልነበረም። ክረምቱን በሙሉ እናቲቱ ደረቅ ጭራሮና ቆረቆንዳ እየቀላቀሉ መማገድ ነበረባቸው። «ለከርሞ በኅዳር አስፈልጣለሁ» ብለው ሸኙን።

እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው። የክረምት እሳት የሚዘጋጀው በበጋ ነው። ለተጨማሪ ማብራሪያ በአቅራቢያችሁ የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ጠይቁ።